ነዋሪ ሆኜ ሳለሁ የቱሪስት ሒሳብ የምከፍለው እስከ መቼ ነው?

ባይተዋር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰው አገር የምትኖሩ ሁሉ ስለ ታክሲ ሒሳብ ያላችሁን ልምድ ንገሩኝ፣ እኔ መላው ጠፍቶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት ከተማ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ሥራ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ መንገዱንም በደንብ አውቀዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ አፌን ስከፍት ግን ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። በቀደም ማታ ከሥራ ወጥቼ አንዱን አስቆምኩ። ሒሳብ የሚቆጥረው ሜትር ፊት ለፊቴ ተገጥሟል። ሹፌሩ ከጎኑ የታጠፈ ጋዜጣ አነሳና ቀስ ብሎ ላዩ ላይ ጣል አደረገበት። "ሜትሩስ?" ስለው "ተበላሽቷል" አለኝ። ከጋዜጣው ጠርዝ ሥር ቀዩ ቁጥር ቦግ ብሎ ይታያል። እያየሁት እንደሆነ እሱም ያውቃል። ከዚያ የጠራልኝ ዋጋ በዚያው መንገድ ከለመድኩት እጥፍ ነበር። ወርጄ ሌላ ያዝኩ። ያኛው ሜትሩን ያለ ጥያቄ ከፈተው፣ ግን ቀጥታውን መንገድ ትቶ ወንዙን አሻግሮ ዞሮ ዞሮ አመጣኝ።

ገንዘቡ ያማል። ከሱ ብሶ የሚያመኝ ግን የቱንም ያህል ብኖር ዛሬ ከአውሮፕላን እንደወረደ ሰው መቆጠሬ ነው። ጎረቤቴ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ አብረን ስንሳፈር አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ብቻዬን ስሆን ነው የሚመጣው።

እና እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ትክክለኛውን ሒሳብ በምን ታውቃላችሁ? ትከራከራላችሁ ወይስ ከፍሎ መገላገል ይሻላል? በስልክ ታክሲ የሚጠራበትን አፕ ብቻ ተጠቀም የሚሉኝ አሉ፣ እሱስ እውነት መፍትሔ ነው? አቤቱታ አቅርቦ ሰሚ ያገኘ ሰውስ አለ?


ሜትሩ ይታይ፦

ወንድሜ ባይተዋር፣ ታሪፉን ሳታውቅ ከሹፌር ጋር መከራከር አይቻልም። እሱ ያውቀዋል፣ አንተ አታውቀውም፣ ክርክሩ ሳይጀመር አልቋል። ሜትር ባለበት ከተማ ብዙውን ጊዜ ታሪፉን የሚያወጣው የመንግሥት አካል ነው። ድረ ገጹ ላይ ታገኘዋለህ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ መስኮቱ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ጀርባ ተለጥፏል። ፎቶ አንሳውና ስልክህ ላይ አስቀምጠው።

ከዚያ ሜትሩ እንዴት እንደሚቆጥር እወቅ። መነሻ አለው፣ ገና ሳትንቀሳቀሱ የሚታየው ቁጥር እሱ ነው። ስትሄዱ በርቀት ይቆጥራል። መኪናው ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሲሄድ ወይም ሲቆም ደግሞ በጊዜ ይቆጥራል። ለዚህ ነው ያው መንገድ በማለዳ አንድ ዋጋ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ሌላ ዋጋ የሚያወጣው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። የሌሊት ጭማሪም አለ። ቶኪዮ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት 20 በመቶ ይጨመራል። ሲንጋፖር ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳው 12 ሰዓት 50 በመቶ ነው። እዚያ የምትኖር እህቴ ይህን እስክታውቅ ድረስ ማታ ማታ ከሹፌር ጋር ስትጣላ ከርማለች።

አሁን በደንብ አስተውል። ብዙ ሜትሮች ላይ ከዋናው ቁጥር አጠገብ አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች፣ 1 ወይም 2 የምትል። የትኛው ታሪፍ እየሠራ እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። በጠራራ ፀሐይ የሌሊቱን ታሪፍ ከፍቶ የሚነዳ ሹፌር አለ። ጋዜጣ ከሚጥለው ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሜትሩን እያየህ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው ብለህ እያመንክ ነው የምትዘረፈው።

ኤርፖርት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ኒው ዮርክ ከኬኔዲ ኤርፖርት እስከ ማንሃተን በቢጫ ታክሲ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ የመንገድ ክፍያና አንዳንድ ጭማሪ ይታከልበታል። ፓሪስም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከኤርፖርት ወደ ከተማው ዋጋው ቁርጥ ሆኗል፣ የሚለያየው በተነሳህበት ኤርፖርትና ከሴን ወንዝ በቀኝ ወይም በግራ በኩል በመውረድህ ነው። ዱባይ በሜትር ነው፣ ግን ከኤርፖርት ሲነሳ መነሻው መንገድ ላይ ከሚያዘው ታክሲ ከፍ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ገና ሳይንቀሳቀስ "ተበላሁ" ብሎ ይጣላል። የሚያውቅ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ ሻንጣውን ሊቀበለው የሚሮጠውን አልፎ ወደ ሕጋዊው ሰልፍ ይሄዳል።

ሜትር ራሱ የተፈጠረው ለዚህ ጭቅጭቅ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሩን እ.ኤ.አ. በ1891 ታክሲሜትርን ሲሠራ መንገዱን የሞላው ገና በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ነበር። ያኔም ሰው በሒሳብ ይጣላ ነበር ማለት ነው።


የማታ ሹፌር፦

ሰላም። እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ፣ ያውም ሰው አገር። ከፊት ወንበርም ከኋላ ወንበርም ስለተቀመጥኩ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ።

ጋዜጣ የጣለውን ሰው ልከላከልለት አልመጣሁም። ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ግን የሹፌሩን ሒሳብ ካላወቅክ ማን እየሰረቀህ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ ጨንቆት እንደሆነ መለየት አትችልም። አብዛኞቻችን የምንነዳት መኪና የኛ አይደለችም። ለባለቤቷ የተቆረጠ ኪራይ አለ፣ ሰው ጫንኩም አልጫንኩም ይከፈላል። ነዳጅ በኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የማገኘው ሁሉ ለመኪናዋ ነው፣ ለቤቴ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ኤርፖርት የተሰለፍክ ቀን ደግሞ ሞተር አጥፍተህ፣ ከፊትህ ያለው ትንሽ ፈቀቅ ሲል አስነስተህ፣ እንደገና አጥፍተህ፣ እንዲህ እያልክ ሰዓቱ ይነጉዳል። ተራህ ደርሶ ሻንጣ ጭነህ ተሳፋሪው "እዚሁ ቅርብ ነው" ሲልህ ልብህ ስንጥቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው አንዳንዱ ሜትሩን ትቶ ዋጋ የሚጠራው። ልክ ነው አላልኩም። ከየት እንደሚመጣ ግን እወቀው።

ኒው ዮርክ የሆነውንም አስቡት። ሜዳልያን የሚሉት የቢጫ ታክሲ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በብድር ከገዙት ሹፌሮች ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የአፕ መኪኖች ከተማውን ሲያጥለቀልቁት የፈቃዱ ዋጋ ወደቀ፣ ዕዳው ግን እዚያው ቀረ። በ2021 ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ የረሃብ አድማ ከመቱ በኋላ ነው ከተማው ዕዳቸው እንዲቀልል የተስማማው። ከፊትህ መሪ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ እንዳንተው ባይተዋር ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሹፌር ሰውን የሚመዝነው ገና በሩን ሲከፍት ነው። ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚገባ፣ "ስንት ነው?" ብሎ የሚጀምር ሰው ዋጋ እንደማያውቅ ይታወቃል። ሜትር በሕግ ግዴታ በሆነበት ከተማ ዋጋ አትጠይቅ። መጠየቅህ ራሱ ለድርድር በር ይከፍታል። በአገሩ ቋንቋ ሰላም በል፣ ከዚያ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን የምታልፍበትንም ተናገር። "በአደባባዩ በኩል፣ ድልድዩን ሳናልፍ ወደ ቀኝ" ስትል ሹፌሩ መስታወቱን አስተካክሎ ደግሞ ያይሃል። ነዋሪ መሆንህ ገባው ማለት ነው።

ሜትር በሌለበት ከተማ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሩ ሳይዘጋ ዋጋ ቁረጥ። ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው? ሻንጣስ? በየትኛው ገንዘብ ነው የሚከፈለው? ሦስቱንም ጠይቅ፣ ጠቡ የሚነሳው ሁልጊዜ ሳይነገር በቀረው ላይ ነው። ዝርዝር ገንዘብም ያዝ። "መልስ የለኝም" የሚለው አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ አንዳንዱ ግን ለምዶበት ነው።


ሰፊ ልብ፦

እኔ በበኩሌ ትንሽ ጨምሬ ብከፍል ቅር አይለኝም። የማገኘው ከሹፌሮቹ ይሻላል፣ ልጆች አሏቸው፣ ኑሮ ተወዷል። ለትንሽ ገንዘብ ብዬ ምሽቴን በጭቅጭቅ አላበላሽም። የማልችለው ውሸቱን ብቻ ነው። "ጨምርልኝ" ቢለኝ እጨምርለታለሁ፣ "ሜትሩ ተበላሽቷል" ሲለኝ ግን እወርዳለሁ።


እታለም፦

ሰፊ ልብ ወንድሜ፣ አንተ ይቻልህ ይሆናል። ግን "የውጭ ሰው ገንዘብ አለው" የሚለው ነገር ስንቱን እንደሚጎዳ ልንገርህ።

እኔ ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ። የወር ደመወዜ ሹፌሩ ከሚያገኘው ያንሳል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ሳገኝ ለመውጣት ስዘጋጅ መጀመሪያ የማስበው የታክሲውን ነው፣ መሄጃውን፣ መመለሻውን፣ ከዚያ የሚተርፈኝን። ለሹፌሩ ግን የውጭ ሰው ነኝ፣ አለቀ። ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ከጎኔ ያለችው የአገሩ ሴት ወርቅ አድርጋ፣ ቦርሳዋ የኔን የዓመት ደመወዝ የሚያወጣ፣ እሷ በልኩ ከፍላ ትሄዳለች። እኔ እጥፍ ስከፍል ያን ገንዘብ ከማን ላይ እንደቀነስኩት ታውቃለህ? ለእናቴ ከምልከው ላይ። ስለዚህ አንተ ዝም ብለህ በጨመርክ ቁጥር ሹፌሩ "የውጭ ሰው ይከፍላል" ብሎ ይለምዳል፣ ቀጥላ የምትገባው ደግሞ እንደኔ ያለች ልጅ ናት። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ግን ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አሁን የሚጠቅመውን ልናገር። ቤሩት ያው ቀይ ታርጋ ያለው መኪና ሰርቪስም ታክሲም መሆን ይችላል። ሰርቪስ ከሆነ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እየጫነ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በነፍስ ወከፍ ነው። ታክሲ ከሆነ ኮንትራት ነው፣ በብዙ ይወደዳል። የሚወሰነው ከመግባትሽ በፊት በመስኮቱ በምትነግሪው ነው። "ሰርቪስ?" ብለሽ የምትሄጂበትን ትጠሪያለሽ፣ እሺ ካለ ትገቢያለሽ። ከኔ በፊት የመጡ ልጆች ገና ስደርስ ነገሩኝ፣ ባይነግሩኝ ኖሮ ስንት ገንዘብ ይባክን ነበር። ዝም ብላ የገባች ልጅ ስትወርድ "ታክሲ ነው የያዝሽው" ትባላለች፣ ያን ጊዜ ማን ይመሰክርላታል?

ሌላው የኖት ቅያሬ ነው። ትልቁን ኖት ትሰጪዋለሽ። እጁ ወደ ጉልበቱ ዝቅ ይላል። ተመልሶ ሲመጣ በመልክ የሚመሳሰል ትንሽ ኖት ይዞ "ይህን እኮ ነው የሰጠሽኝ" ይላል። በጨለማ ውስጥ ራስሽን ትጠራጠሪያለሽ። ስለዚህ የውስጡን መብራት አስበሪው፣ የኖቱን መጠን ጮክ ብለሽ እየጠራሽ ስጪው፣ መልሱን እዚያው ቁጠሪ።

ደግሞ እህቶቼ፣ ማታ ጭር ያለ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሆናችሁ በሒሳብ አትከራከሩ። በሩ የሱ፣ መሪው የሱ ነው። ሰው ያለበት ቦታ እስክትደርሱ ዝም በሉ። ሻንጣ ከኋላ ካለ መጀመሪያ እሱን አስወርዱ፣ ከዚያ ቆማችሁ ክፈሉ። ስትገቡ ታርጋውን ለጓደኛ ላኩ፣ በስልክም ደውላችሁ ስትናገሩ ሹፌሩ ይስማ። ዱባይ ያላችሁ ጣሪያቸው ሮዝ የሆነ፣ ሴቶች የሚነዷቸው ታክሲዎች አሉላችሁ፣ ማታ እነሱን ፈልጉ።


ስልኬ በእጄ፦

ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? አፕ ክፈቱ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ እዩ፣ የሹፌሩ ስምና ታርጋ ይመጣላችኋል፣ መንገዱም ይመዘገባል፣ በካርድ ይቆረጣል። ቋንቋ ባትችሉ እንኳን ችግር የለም። እኔ አፕ ከለመድኩ ወዲህ ከሹፌር ጋር ተጨቃጭቄ አላውቅም።


ሜትሩ ይታይ፦

ስልኬ በእጄ፣ ታርጋና መንገድ መመዝገቡ ትልቅ ነገር ነው፣ በዚያ እስማማለሁ። ግን ዋጋውን ማን እንደሚያወጣው አስብ። ዝናብ ሲጥል፣ ኳስ ሲያልቅ፣ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ያው መንገድ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቁርጥ ታሪፍ ያለው የመንገድ ታክሲ ከጎንህ ቆሞ አንተ አፕ ላይ እጥፍ ልትከፍል ትችላለህ። ሁለቱንም አወዳድር።

ደግሞ አፕም የራሱ ጨዋታ አለው። ሹፌሩ ይደውልና "የት ነው የምትሄደው? በካርድ ነው በካሽ?" ይልሃል። በካርድ ካልከው አይመጣም፣ አንተ ራስህ እንድትሰርዘው ይጠብቃል፣ ስትሰርዝ ቅጣቱ አንተ ላይ ይወድቃል። አትሰርዝ። ያልመጣው እሱ መሆኑ እንዲመዘገብ ጠብቀው። የታየህን ዋጋ ስክሪን ሾት አድርገህ ያዝ፣ መጨረሻ ላይ ከፍ ብሎ ከመጣ ማስረጃህ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የአፕ ታክሲውን ድርጅት ኡበርን የትራንስፖርት አገልግሎት ነው ብሎ ወስኗል። "እኛ አገናኝ ብቻ ነን" ማለት አያዋጣም ማለት ነው። ስለዚህ በነዚያ አገሮች አቤት የምትልበት የትራንስፖርት ሕግ አለህ፣ ከአፑ የመልእክት ሣጥን ጋር ብቻ አትታገል።


ባይተዋር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እታለም፣ ያልሽው ነገር ልቤን ነክቶታል። ከፍሎ መገላገል ይሻላል እያልኩ ነበር፣ የሚቀጥለው ተሳፋሪ ማን እንደሆነ ግን ጨርሶ አላሰብኩም።

የማታ ሹፌር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ወንዙን አሻግሮ ያዞረኝ ሰውዬ ነገር አልወጣልኝም። እያዞረኝ እንደሆነ ሳይ ምን ብለው ይሻላል? ሌባ ነህ ብዬ መስደብ አልፈልግም፣ ምናልባት መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። ዝም ብዬ ደግሞ መበላት አልፈልግም።


የማታ ሹፌር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዞረ በኋላ አትናገር፣ ከመዞሩ በፊት ተናገር። መታጠፊያው ሲደርስ በለሰለሰ ድምፅ "ቀጥታው ዛሬ ተዘግቷል እንዴ?" በለው። ሐቀኛ ከሆነ ምክንያቱን ይነግርሃል፣ የመንገድ ሥራ አለ ይልሃል፣ አደጋ አለ ይልሃል። ሊያዞርህ ያሰበ ከሆነ ደግሞ መንገዱን እንደምታውቅ ገብቶት ቀጥታውን ይይዛል፣ ፊቱም አይጠቁርም፣ ምክንያቱም አልሰደብከውም።

እና ሁልጊዜ ረጅሙ መንገድ ውድ ነው ብለህ አታስብ። ከላይ እንደተባለው ሜትሩ ስትቆሙ በጊዜ ይቆጥራል። በተጨናነቀው አጭር መንገድ ተቀርቅራችሁ ከምትከፍለው ዞሮ መሄዱ የሚቀንስበት ሰዓት አለ። ለንደን ጥቁር ታክሲ ለመንዳት እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ያለ ፈተና አለ። ከቻሪንግ ክሮስ 6 ማይል ዙሪያ ያሉ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ መንገዶች በቃል ይጠናሉ፣ ሰዎች ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እንዲህ ያለ ሹፌር በጓሮ ሲወስድህ ብዙ ጊዜ ጊዜህን ሊያተርፍልህ ነው። ስልክህ ላይ ካርታውን ክፈት፣ የተጨናነቀውን መንገድ በቀይ ያሳይሃል፣ እሱን እይና ፍረድ። ካርታው ድምፅ እያወጣ ይምራን ግን አትበል፣ ለሹፌር ከሱ የሚከፋ ስድብ የለም።

መንገዱ ላይ ከተግባባን በኋላ እኔ ራሴ የተዘጋ መንገድ ውስጥ ከገባሁ ሜትሩን የማቆምባቸው ጊዜያት አሉ። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ነው። እንደዚህ የሚያደርጉ ብዙ ሹፌሮች አውቃለሁ፣ ማንም አይጽፍላቸውም እንጂ።


ደረሰኝ ያዝ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ስለ አቤቱታ ለተጠየቀው እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም አመልክቼ ገንዘቤ ተመልሶልኛል። ከኤርፖርት ቤቴ ድረስ ቁርጥ ዋጋ ባለበት ከተማ ሹፌሩ እጥፍ አስከፈለኝ። እዚያው አልተጣላሁም። ደረሰኝ ብቻ ጠየቅኩ። ፊቱ ተለወጠ፣ "ደረሰኝ ጨርሻለሁ" አለኝ። በቁራጭ ወረቀት ላይም ቢሆን የመኪናውን ቁጥር፣ ቀኑንና የከፈልኩትን ጻፍልኝ አልኩት። እየተነጫነጨ ጻፈ።

ለታክሲ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የላክሁት አጭር ነው። ቀንና ሰዓት፣ የት ተነሳሁ፣ የት ወረድኩ፣ የመኪናው ቁጥር፣ የከፈልኩት፣ በታሪፉ መሠረት መክፈል የነበረብኝ። የወረቀቷን ፎቶ አያያዝኩ። ስለ ሹፌሩ ጠባይ፣ ስለ ንዴቴ፣ ስለ ውጭ ዜጋነቴ አንድም ቃል አልጻፍኩም፣ እሱን ከጻፍክ ጉዳዩ የጠብ ይመስላል። ቁጥር ብቻ። ሳምንታት ወሰደ፣ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ በመጨረሻ ልዩነቱ ተመለሰልኝ።

ባይተዋር፣ ያንተኛው ጋዜጣ የጣለው ሰውዬ ታርጋው ትዝ ይልሃል? ሳትከፍለው ስለወረድክ ገንዘብ የሚመለስልህ ነገር የለም፣ ግን ሜትር አልከፍትም ማለቱ ብቻውን በብዙ ከተማ ጥፋት ነው። ታርጋው፣ ቀኑና ሰዓቱ ካለህ ዛሬውኑ ላክላቸው።